ለክረምት ቲማቲም ጣሪያ እንጂ የታፈነ ቤት አይበጀውም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሐምሌ በገባ ቁጥር ቲማቲም ይወደዳል፣ ወሬውም ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ነጋዴው ይወቀሳል፣ መንገዱ ይወቀሳል፣ በመጨረሻም «ግሪንሃውስ ቢስፋፋ ኖሮ» ይባላል። በዚህ በመጨረሻው ሐሳብ እንስማማለን፤ የዕለት ሥራችንም እሱው ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ግን በደጋውና በወይና ደጋው የሚቆሙት የላስቲክ ቤቶች ብዙዎቹ ለምን እንደማያዛልቁ አንባቢም፣ በጀት የሚፈቅደው አካልም እንዲያውቀው ስለምንፈልግ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ፣ ብረቱ ወይም አጣናው ብቻ ቆሞ የሚታይ ቤት ባየን ቁጥር ጥፋቱ በገበሬው ስንፍና ይመካኛል። እውነቱ ሌላ ነው። ቤቱ የተሠራው ብርድን ለመከላከል ነው፤ የክረምቱ ቲማቲም ጠላት ግን ብርድ ሳይሆን የቅጠል መርጠብ ነው።

ነገሩን ከበሽታው እንጀምር። ገበሬው ምች፣ ባለሙያው ሌይት ብላይት የሚለው በሽታ ድንችንም ቲማቲምንም በጥቂት ቀናት ውስጥ አጥቁሮ ይጥላል። ዘሩ በነፋስ ይመጣል፤ ቅጠሉ ላይ ካረፈ በኋላ ግን ለመብቀል ቀጭን የውሃ ሽፋን ይፈልጋል። ቅጠሉ ለአሥር ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየና ሙቀቱ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ከሆነ ሌላ ምንም አይጎድለውም። የአዲስ አበባ ዙሪያ ሐምሌ ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ነው፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምርና ቅጠሉ እንደረጠበ ያድራል። ገበሬው ማንኮዜብ የተባለውን መከላከያ መድኃኒት ቢረጭ ማታውን ዝናብ ያጥበዋል፤ ሜታላክሲል ያለበትን መድኃኒት ደጋግሞ ቢረጭ በሽታው ይለምደዋል። በሜዳ ላይ የክረምት ቲማቲም የማይዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ቅጠሉን ማድረቅ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ሥራም ዝናቡን ከቅጠሉ ላይ ማስቀረት ነው። ለዚህ ጣሪያ ይበቃል።

ችግሩ የሚመጣው ጣሪያውን ሠርተን ግድግዳውንም ስናሽግ ነው። የታሸገ ቤት የራሱን ዝናብ ይሠራል። በ25 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም ውሃ በእንፋሎት መልክ ይሸከማል፤ 10 ዲግሪ ላይ ግን የሚችለው ከ9 ግራም እምብዛም አይበልጥም። 8 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ፤ ውስጡ ወደ 960 ሜትር ኩብ አየር አለ። ከሰዓት በኋላ እርጥበቱ 70 በመቶ ሆኖ በዚያው ቢዘጋና ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ፣ ስድስት ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ከአየሩ ወጥቶ ላስቲኩና ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ይህ እንግዲህ አፈሩና ተክሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨምሩትን ሳይቆጥር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ገብቶ ሽቅብ ያየ ሰው፣ በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብታው እንደ ሽምብራ ተደርድሮ ያገኘዋል። በሩ ጠበቅ ብሎ ቢዘጋ እንኳ በመንቀጥቀጡ ብቻ ይረግፋል፤ የሚረግፈውም ቅጠሉ ላይ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ጠብታው ወደ ዳር የሚንሸራተትበት መንገድ ስለሌለው ካለበት ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ የጣሪያው ተዳፋት 30 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ጠብታ እንዳይዝ ተብሎ የሚሠራ ላስቲክም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ሆኖም ባሕርይው ከላስቲኩ ዕድሜ ቀድሞ ስለሚጠፋ ተዳፋቱን አይተካም።

ዋናው ቁም ነገር የመተንፈሻው ስፋት ነው። በብዙ መመሪያዎች የሚገኘው ዝቅተኛ ልክ የመተንፈሻው ድምር ስፋት ከወለሉ ከ20 እስከ 25 በመቶ እንዲሆን ነው። እኛ አገር ይህ አይበቃም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ከፍታው ነው። 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ በአንድ መስኮት የሚወጣው አየር ይዞት የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ፀሐይዋ ግን አልሳሳችም፣ እንዲያውም ትከራለች። ሁለተኛው መረቡ ነው። ነጭ ዝንብን የሚያስቀር 50 ሜሽ መረብ (በአንድ ኢንች 50 ቀዳዳ ያለው) የአየሩን ፍሰት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በሌላ አገር ልክ የተሠራ ቤት እዚህ በቀትር ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው በዚህ ነው። ከ32 ዲግሪ በላይ ደግሞ የቲማቲም አበባ ብናኝ ይመክናል፤ አበባው ይረግፋል፣ ገበሬውም «ዘሩ መጥፎ ነበር» ይላል።

ሒሳቡን እንሥራው። የ8 በ30 ቤት ወለሉ 240 ካሬ ነው። ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብለው ሁለት ሁለት ሜትር ቢከፈቱ 120 ካሬ ይሆናል፤ መረቡ ግማሹን ሲወስደው 60 ካሬ ይቀራል። በጣሪያው አናት ላይ በቤቱ ርዝመት 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ቢተው 24 ካሬ ነው፣ በመረብ 12። ድምሩ 72 ካሬ፣ ማለትም የወለሉ 30 በመቶ። ይህ ልክ ለደጋው ይበጃል። ጎኑ ብቻ ተከፍቶ አናቱ ከተዘጋ ግን ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ይታጎራል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን የጎኑ መክፈቻ ብዙ አይረዳም። የአናቱ ክፍተት ዝናብ እንዳያስገባ አንደኛው ጣሪያ ከሌላው በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲደራረብ ተደርጎ ይሠራል፤ አናጢ የሚችለው ሥራ ነው፣ የተለየ ዕቃ አይፈልግም። የጣሪያው ጠርዝም ከጎኑ ግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ማለት አለበት፤ አለዚያ ነፋስ የያዘው ዝናብ የዳሩን መደብ ሁልጊዜ ያረጥበዋል፣ የምች በሽታውም የሚጀምረው ከዚያ መደብ ነው።

የቤቱ ቁመትም እንደዚሁ ነው። ወጪ ለመቆጠብ ግድግዳው ሁለት ሜትር ብቻ ሆኖ የሚሠራ ቤት ለሰላጣ ካልሆነ አይሆንም። ለቲማቲም ግድግዳው 3 ሜትር፣ አናቱ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 5 ሜትር ይሁን። የአየሩ መጠን ሲበዛ ሙቀቱም እርጥበቱም ቀስ ብሎ ነው የሚለዋወጠው፤ ለስህተት ጊዜ ይሰጣል።

ቤቱ ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲሆን እንመክራለን። መደቦቹ በዚያው አቅጣጫ ሲሄዱ ብርሃኑ ጠዋት ከአንዱ ጎን፣ ከሰዓት በኋላ ከሌላው ጎን እኩል ይደርሳል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የበጋው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚመጣም ረጅሙን የተከፈተ ጎን ያገኘዋል።

ስለ ላስቲኩ ትንሽ እንበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የሚገዛው 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ውፍረት ያለው፣ የፀሐይ ጨረር መቋቋሚያ የተጨመረበት የግሪንሃውስ ላስቲክ መሆን አለበት፤ ዕድሜውም ሦስት ዓመት ያህል ነው። ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ በመልክ ይመሳሰላል፣ በወራት ውስጥ ግን እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረካከሳል። ጥሩውም ላስቲክ ቢሆን ሁለት ነገር ቶሎ ይገድለዋል። አንዱ የጋለ ብረት ነው፤ ላስቲኩ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ቧንቧው ነጭ ቀለም መቀባት ወይም በነጭ ጨርቅ መጠቅለል አለበት። ላስቲክ ብዙ ጊዜ መቀደድ የሚጀምረው በዚያ መስመር ላይ ነው። ሌላው ድኝ ነው። ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ለሚመስለው ሻጋታ ድኝ ይረጫል፤ ድኙ ግን የላስቲኩን የጨረር መቋቋሚያ ያጠፋዋል። የሦስት ዓመት ላስቲክ በአንድ ዓመት ተኩል ሲቀደድ ሻጩ ከመወቀሱ በፊት የርጭት መዝገቡ ይታይ። አጣናም ለመዋቅር ይሆናል፤ ቅርፊቱ ተልጦ፣ እሾህና ጉጥ የሌለው ሆኖ፣ መሬት የሚገባው ጫፉ ከምስጥ ተጠብቆ። ላስቲኩ በምስማር ሳይሆን በተጣጣፊ ሽቦና በመያዣው ቢታሰር፣ ተወጥሮም ቢያዝ፣ የመጋቢት ነፋስ አያራግበውም። የሚራገብ ላስቲክ ይቀደዳል።

በሐምሌ ፀሐይ የምትታየው በቀን በአማካይ ከሦስት ሰዓት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ስለዚህ በበጋ የተጠራቀመው አቧራ ሰኔ ከመግባቱ በፊት በለስላሳ መጥረጊያና በውሃ መታጠብ አለበት። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የማይሠራበት ቤት ግን ብርሃን በጣም በሚያስፈልግበት ወር ብርሃኑን በገዛ ጣሪያው ይከለክላል።

ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ሌላው የተረሳ ጉዳይ ነው። በ240 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 240 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለው ውሃው በግድግዳው ሥር ሰርጎ የዳሩን ሁለት መደቦች ሥር ያበሰብሳል። ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ቦይ በዙሪያው መቆፈር አለበት። አሸንዳና ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ) የተነጠፈበት ጉድጓድ ላለው ደግሞ ነገሩ ወደ ሀብት ይለወጣል፤ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ ከ190 ሜትር ኩብ በላይ ይሰበሰባል። ቤቱ ውስጥ 550 ያህል ተክል ቢኖር በበጋ የሚጠጡት በቀን አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ የሁለት ወር ውሃ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕለታዊው አያያዝ እንምጣ። ጥሩ ቤት በመጥፎ አያያዝ ይበላሻል። እርጥበት የሚለካ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም። ሁለት ተራ የመስታወት ቴርሞሜትሮች በተክሉ ቁመት ላይ፣ ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታ ጎን ለጎን ይሰቀሉ። የአንደኛው ጫፍ በጥጥ ጨርቅ ይጠቀለልና የጨርቁ ጅራት የዝናብ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይግባ። ከማንበብ በፊት ሁለቱንም በካርቶን ለሁለት ደቂቃ ያራግቧቸው። እርጥቡ ቴርሞሜትር ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ልዩነቱ ነው የሚፈለገው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደረቁ 20 ዲግሪ ሲል እርጡቡ 16 ካለ እርጥበቱ ወደ 69 በመቶ ነው፣ ይህ ደህና ነው። እርጡቡ 18 ካለ 84 በመቶ ገብቷል፤ የአበባው ብናኝ መጣበቅ ይጀምራል፣ ሻጋታም ይደሰታል። ልዩነቱ ከሁለት ዲግሪ ባነሰ ቁጥር ያለው መክፈቻ ሁሉ ይከፈት፤ ቢበርድም ይከፈት። ጨርቁ ሲቆሽሽ ንባቡ ስለሚሳሳት በየሁለት ሳምንቱ ይቀየር።

በክረምት ጎኖቹ በተቻለ መጠን ሌት ተቀን ክፍት ይሁኑ፤ ነፋስ የያዘው ዝናብ በሚመጣበት በኩል ያለው መጋረጃ ብቻ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሌሊቱ ስለሚበርድ አሠራሩ ይለያል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ላስቲኩን ሳትመታ፣ በትንሹ ይከፈታል። ይህ ብዙ ሰው የማይቀበለው ምክር ነው፤ «ገና ብርድ ነው» ይባላል። ነገር ግን ፀሐይ ወጥታ አየሩ ቶሎ ሲሞቅ ፍሬውና ግንዱ ገና ቀዝቃዛ ናቸው፤ ሞቃት እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ፍሬ ሲነካ ያልበዋል፣ ያ ላብ ነው ግራጫ ሻጋታን የሚጠራው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ተከፍቶ እርጡቡ አየር ለግማሽ ሰዓት ይውጣ፤ ከዚያ ከ10 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይዘጋ። የቀረው የፀሐይ ሙቀት አፈሩን አሙቆ ያድራል።

እዚህ ላይ አንድ በተደጋጋሚ የሚሰጥ ምክር ማረም እንፈልጋለን። ብርድ ለመከላከል በርሜል ሙሉ ውሃ ማስቀመጥ ይመከራል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሌሊት በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት ከ8 ሜጋጁል (የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) ትንሽ አለፍ ይላል። የ8 በ30 ቤት ከውጭው በ5 ዲግሪ ሞቆ እንዲያድር ለአሥር ሰዓት የሚያጣው ግን ወደ 400 ሜጋጁል ነው። ወደ 50 በርሜል መደርደር ማለት ነው፤ ቦታ አይኖርም። በርሜልና ጄሪካን የሚሠራው ለትንሽ የችግኝ ዋሻ ነው። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ፤ ተራ ላስቲክ የመሬቱን ሙቀት ወደ ሰማይ ስለሚያሳልፍ፣ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት የታኅሣሥ ሌሊት ቤቱ ውስጥ ከውጭው ይልቅ ሊበርድ ይችላል። ውርጭ በሚያሰጋባቸው እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ቦታዎች ሙቀት የሚይዝ ላስቲክ ወይም ከተክሉ በላይ ማታ ማታ የሚዘረጋ ሁለተኛ ስስ መጋረጃ ያስፈልጋል። እሱም ካልተቻለ በዚያ ወቅት ቲማቲም ትቶ ሰላጣ፣ ቆስጣና ስፒናች መዝራት ይሻላል። ጎመንና ካሮትማ ከመጀመሪያውም ጣሪያ አያስፈልጋቸውም።

በመረብ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነፋስ አበባውን አይነቀንቀውም። በሌላ አገር ለዚህ ሥራ የሚገባው ትልቁ ባለጸጉር ንብ እኛ ዘንድ የለም። ስለዚህ ተክሉ የታሰረበት ሲባጎ ወይም ሽቦ በየሁለት ቀኑ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በዱላ ቀስ ተደርጎ ይመታ። ብናኙ ደረቅ ሲሆን ቢጫ ጭስ መስሎ ይታያል፤ ካልታየ እርጥበቱ ገና አልቀነሰም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደገም። 550 ተክል ለመምታት ሩብ ሰዓት ይበቃል። ዘለላው ላይ ትንንሽ ጠፍጣፋ ፍሬዎች ሲበዙ ይህ ሥራ እየተዘለለ ነው ማለት ነው።

ዝርያም አለ። መልካ ሾላና ገሊላን የመሳሰሉት ለሜዳ የተመረጡ አጫጭር ዝርያዎች ናቸው፤ የተወሰነ ዘለላ ይዘው ያቆማሉ። 5 ሜትር ቁመት ያለው ቤት ሠርቶ አንድ ሜትር የማይሞላ ተክል መትከል ገንዘብ መጣል ነው። ያለማቋረጥ የሚያድግ፣ በሲባጎ የሚወጣ ዝርያ ይፈለግ፤ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 2.5 ተክል፣ በአንድ ግንድ፤ የጎን ቀንበጡ በየሳምንቱ ጣት ሳይረዝም ይቆረጥ፤ የቀላው ዘለላ ከሚገኝበት በታች ያለው ቅጠል ይነሳ። ቅጠሉ በጠዋት ይነሳ፣ ቁስሉ ፀሐይ እያለ እንዲደርቅ።

የጠብታ መስኖ ያላቸው ቤቶች የሚበላሹት በሁለት ነገር ነው፤ በመደፈንና ከልክ በላይ በማጠጣት። ከጋኑ ቀጥሎ 120 ሜሽ ማጣሪያ ይኑር፣ በየቀኑ ይታጠብ፤ የመስመሮቹ ጫፍ በየሳምንቱ ተከፍቶ ውሃው እስኪጠራ ይፍሰስ። አንድ ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ጋን የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ መስመሩ ረጅም ከሆነ ጫፍ ላይ ያለው ተክል ይጠማል፤ ከሁለቱም ጫፍ ባዶ ጣሳ አስቀምጦ ለግማሽ ሰዓት የተጠራቀመውን ማነጻጸር ነው። መጠኑ ደግሞ እንደ ፀሐይዋ ነው፤ ፍሬ የያዘ ተክል በጠራ የበጋ ቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ይፈልጋል፣ በደመናማ የሐምሌ ቀን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ሁልጊዜ ከቀትር በፊት ይጠጣ። አንድ ቀን ተጠምቶ በማግስቱ የሚጥለቀለቅ ተክል የፍሬው ታች ይጠቁራል። ይህን ብዙዎች በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይረጩበታል፤ መድኃኒት የለውም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው በውሃው ጉዞ ነው፤ ጉዞው ሲቋረጥ ጫፉ ይሞታል። ዩሪያ ማብዛትም ያባብሰዋል። ካልሲየም ናይትሬት በጠብታው ሲሰጥ ሰልፌት ወይም ፎስፌት ካለው ማዳበሪያ ጋር በአንድ ባልዲ ውስጥ በውሃ ሳይቀጥን መቀላቀል የለበትም፤ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና መስመሩን ይደፍናል። በሁለት የተለያየ ቀን ይሰጥ።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃው ባይካርቦኔት ይበዛበታል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ብረት ከአፈር ጠፍቶ አይደለም፤ ውሃው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ተክሉ መውሰድ አልቻለም። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ቢደባለቅበት ብዙ ይሻሻላል። በእነዚሁ ሞቃታማ ቦታዎች፣ በመቂም ሆነ በመተሐራ፣ ላስቲክ ራሱ አያስፈልግም ለማለት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ከ30 እስከ 50 በመቶ ጥላ የሚሰጥ መረብ ነው።

ቲማቲም በአንድ አፈር ላይ ሦስተኛ ጊዜ ሲተከል ሥሩ ላይ ጉብጉብ የሚያወጣው ትልና የአጠውልግ ባክቴሪያ ይበዛሉ። ለትሉ አፈሩን አርጥቦ በስስ ጥርት ያለ ላስቲክ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በበጋው ፀሐይ መሸፈን ይረዳል። ባክቴሪያው ከገባ ግን አፈሩን መተው ይሻላል። ደግነቱ ቢሾፍቱ አካባቢ የሚቆፈረው ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) አለ፤ የአበባ እርሻዎቹ ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር በወንፊት ተለይቶ፣ አቧራው ታጥቦ በከረጢት ሲሞላ ከአፈር ጋር የማይነካካ መትከያ ይሆናል። ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ በቀን አንዴ ሳይሆን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ይጠይቃል፤ ሰው ወይም ሰዓት ቆጣሪ በሌለበት ባይጀመር ይሻላል።

ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ ቦርቧሪ ተባይ ከ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ አገራችን ውስጥ አለ። መረብ ያስቀረዋል፣ በሩ ግን ያስገባዋል። ሁለት በር ሊኖር ይገባል፤ አንደኛው ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም፣ በመካከላቸውም ቢያንስ ሁለት ሜትር። ጣሪያ ሥር ዝናብ ስለማያጥበው ቀይ ሸረሪት ከሜዳ ይልቅ እዚህ እንደሚበረታም ይታወቅ፤ ከቅጠሉ ጀርባ በሳምንት ሁለት ጊዜ መፈለግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን በጀት ለሚፈቅዱ አካላት በብርቱ የምናሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ ችግኝ። አብዛኛው ገበሬ ግሪንሃውስ አይኖረውም፣ አያስፈልገውምም። 100 ካሬ የሆነ አንድ የችግኝ ቤት 60 ካሬ መደርደሪያ ቢኖረው 400 ያህል ባለ 128 ቀዳዳ ትሪ ይይዛል፤ ወደ 51,000 ችግኝ ነው። በመስመር መካከል አንድ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ሲተከል አንድ ሄክታር 33,000 ያህል ይወስዳል። ማለትም ያ ትንሽ ቤት በአንድ ዙር፣ በአምስት ሳምንት፣ ለአንድ ሄክታር ተኩል ይበቃል፤ የአሥራ ሁለት ገበሬ ማሳ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ከነአፈሩ የተነሳ ችግኝ ሲተከል አይደነግጥም። ከመደብ ተነቅሎ የሚተከለው ግን ሥሩ ተቆርጦ ለቀናት ይጠወልጋል፣ ነጭ ዝንብ የምታመጣውን የቅጠል ማጠፍ ቫይረስም ከመደቡ ይዞ ይወጣል። የችግኝ ቤቱ ከባድ አይደለም፤ መረብ፣ ጣሪያ፣ ከመሬት የተነሳ መደርደሪያ፣ ሁለት በር። ከመተከሉ ሰባት ቀን በፊት ውሃው ይቀነስለት፣ መጋረጃው ይነሳለት፣ ሜዳውን ይልመድ።

የላስቲክ ቤት ለሚገዛ ወረዳ ወይም ፕሮጀክት ደግሞ የጨረታ ሰነዱ ላይ «ግሪንሃውስ፣ 240 ካሬ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የግድግዳው ቁመት፣ የአናቱ ክፍተት ስፋት፣ መረቡ ታስቦ የመተንፈሻው ድምር ከወለሉ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የላስቲኩ ማይክሮንና የዋስትና ዕድሜ፣ የአሸንዳውና የቦዩ ልክ ይጻፍ። አቅራቢው ቤቱን አቁሞ ቁልፍ አስረክቦ የሚሄድበት ውል ይቅር፤ ከክፍያው የተወሰነው አንድ ሙሉ ምርት እስኪነሳ ይያዝ። ላስቲኩ በሦስት ዓመት እንደሚለወጥ ታውቆም ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ ለሱ የሚሆን ገንዘብ በማኅበሩ ሒሳብ ይቀመጥ። በእንዲህ ያለ ቤት በደንብ ከተያዘ በካሬ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ቲማቲም ይገኛል፤ ከ240 ካሬ ከ19 እስከ 29 ኩንታል ያህል ነው። ላስቲኩንም ብድሩንም የሚከፍለው ይህ ምርት በሐምሌና በነሐሴ ሲደርስ ነው። በታኅሣሥ፣ የመቂ ቲማቲም ገበያውን በሞላበት ጊዜ ቢደርስ አይከፍለውም።

ስለዚህ የበጀቱ ጊዜም ከሰማዩ ጋር ይስማማ። ለዘመን መለወጫ ገበያ የሚደርስ ቲማቲም ዘሩ ሚያዝያ መጀመሪያ ትሪ ላይ መውደቅ አለበት፤ ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ይተከላል፤ በደጋው ቅዝቃዜ ከሦስት ወር ትንሽ ባነሰ ጊዜ፣ ነሐሴ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዘለላ ይቀላል። ጨረታው በሰኔ የበጀት መዝጊያ ወጥቶ ላስቲኩ በመስከረም የሚደርስ ከሆነ የሚቀጥለው ክረምት እስኪመጣ ቤቱ ስምንት ወር ፀሐይ ይጠጣል። ላስቲኩ እስከ መጋቢት መጨረሻ ተወጥሮ ይታሰር፣ ትሪውና ዘሩም ከዚያ ቀድሞ ይገዛ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአትክልት ልማት ባለሙያዎች
አዲስ አበባ